«ዝማሬ መላእክት ያሰማልን» ካልን በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ብዙ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማርያን መዝሙራቸውን በመኖሪያ ክፍላቸው ይቀርጻሉ፤ ድምፃቸውን ከከበሮውና ከመሰንቆው ጋር በኮምፒውተር ያመጣጥናሉ፤ ለሕዝብ ከማድረሳቸው በፊትም «እስኪ ስሙልኝ» ብለው ለወንድሞችና ለእኅቶች ይልካሉ። ምላሹ አብዛኛውን ጊዜ «ዝማሬ መላእክት ያሰማልን» የሚል ነው። ይህ የከበረ ምርቃት ነው፤ ነገር ግን አስተያየት አይደለም። አስተያየት የለመነንን መርቀን ብቻ ብንሸኘው፣ ከበሮው ቃሉን እንደሸፈነበት ሳያውቅ ይቀራል። ምእመኑም ዜማውን ሰምቶ ትምህርቱን ሳያገኝ ይሄዳል።

በሌላው ጽንፍ ደግሞ በሰው ፊት የሚያሳፍር ነቀፋ አለ። «ምኑም አይሰማም» የተባለ ወጣት ምኑን እንደሚያቃና አያውቅም፤ የሚማረው ዳግመኛ አለመላክን ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ የተሻለውን መንገድ ያሳየናል። አጵሎስ መጻሕፍትን የሚያውቅ፣ በንግግርም የበረታ ሰው ነበር፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። አቂላና ጵርስቅላ በኤፌሶን ምኩራብ ሲናገር በሰሙት ጊዜ ጉድለቱን አይተው አላለፉትም፤ ወደ ራሳቸው አቅርበው አስረዱት (ሐዋ. 18፥24-26)። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም የቅኔ ተማሪ ለብቻው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ቃል ለይቶ ያቃናለታል።

እንግዲህ አስተያየት የምትሰጡ ሆይ፣ አስቀድማችሁ የተጠየቃችሁትን ለዩ። የግጥሙ ምሥጢር በመምህራን ሊመረመር የሚገባው ከቀረጻው በፊት ነው። ስለ ድምፅ ስትናገሩ ቦታውን አመልክቱ፤ «አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከበሮው የቃሉን መጨረሻ ይሸፍንብኛል» ማለት «አልወደድሁትም» ከማለት እጅግ ይጠቅማል። በምን እንደሰማችሁትም ግለጹ፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚከብደው የከበሮ ድምፅ በስልክ ሲሰማ ይሳሳልና። ሁለት ቅጂዎችን ስታነጻጽሩም ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ከፍ ብሎ የተሰማውን የተሻለ አድርጎ ይቀበላል።

አስተያየት የምትቀበሉ ሆይ፣ ለመመለስ አትቸኩሉ። ግጥሙን በቃላችሁ ስለምታውቁት፣ በድምፁ ውስጥ የጠፋውን ቃል ልባችሁ ይሞላዋል። ስለዚህ መዝሙሩን ከዚያ በፊት ላልሰማ ሰው አሰሙትና የሰማውን ቃል እንዲጽፍ ለምኑት፤ ባዶ የተወው ስፍራ ጉድለቱን ይነግራችኋል። የአንድ ሰው አስተያየት የግል ምርጫው ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው አንድ ቦታ ካመለከቱ ግን መልሳችሁ ስሙት። ከበሮውን ዝቅ ማድረግ ሊበቃ ይችላል። ባዶው ክፍል ድምፁን አስተጋብቶት ከሆነ ግን በኋላ ማስወገዱ አስቸጋሪ ነውና፣ በግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅሎ እንደገና መቅረጽ ይቀላል።

ምርቃቱን አንተው። ከመረቅን በኋላ ግን ለወንድማችን አንድ እውነተኛ ቃል ለብቻው እንንገረው፤ የሚያገለግለው እርሱ ብቻ ሳይሆን እኛም ነንና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።