ቦኮላው ይቅደም

በናይሮቢ ከተማ፣ በኢስትሊ ሰፈር፣ ቁጥር 6 እና ቁጥር 9 ማታቱዎች ሕዝብ ጭነው ሲመላለሱ ይውላሉ። ኬንያ ከተሠራ 8 ዓመት ያለፈው መኪና ከውጭ እንዳይገባ ብትከለክልም፣ ቀድሞ የገባው ማርጀቱ አልቀረም።

የአሮጌ መኪና ባለቤት ፍሬን ሲይዝ ኋላው ቢዋልልበት፣ ብርቱ የኋላ ፍሬን ማስገጠም ያምረዋል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። መኪና በድንገት ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ የኋላ ጎማዎችም ይቀልላሉ። የኋላው ፍሬን ያለ መጠን ከበረታ፣ የቀለለው ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይሽከረከራል፤ በረጠበ አስፋልት ላይማ የባሰ ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ማንም ከማያየው ከቦኮላው ነው። ቦኮላ በመኪናው አካልና ጎማውን በሚይዙት ብረቶች መገጣጠሚያ የሚገባ ላስቲክ ሲሆን፣ በዕድሜ፣ በሙቀትና በዘይት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ፍሬን በተረገጠ ቍጥር የኋላው እግር ከቦታው ይናወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ቦኮላው ይለወጥ፤ ቀጥሎ ያለቀው የፍሬን ሸራ ይታደስ። ከፖሊዩሬቴን የተሠራው ቦኮላ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የመንገዱን ንዝረት ለተሳፋሪው ያደርሳልና ጉድጓድ ለበዛበት መንገድ ላስቲኩ ይመረጣል።

መካኒክም ደንበኛውን ላለማስቀየም ብሎ እሺ ማለት የለበትም፤ ተሳፋሪው በዚህ ክርክር ድምፅ የለውምና። ሥራው ሲያልቅ መኪናው በገላጣ ቦታ ባዶውን ይፈተናል እንጂ ሰው ጭኖ አይሞከርም።