ከስንቁ ጋር ምክርም ይቋጠር



ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አጭር አሳቤን በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በግንጪ የምንኖር ሰዎች፣ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲነሣ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናት በሶውንና ቆሎውን ታዘጋጃለች፤ አባት ይመርቃል፤ ጎረቤትም እንደ ዓቅሙ ያዋጣል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልጂቱ ነገ በማታውቀው ትልቅ ከተማ ብቻዋን ስትቆም ምን ማድረግ እንደሚገባት የሚነግራት ሰው እምብዛም አይገኝም። በሶው በጥቂት ቀን ያልቃል፤ ምክር ግን አያልቅም።

ብቻ መሄድ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በወጣትነቱ ወደ ሎንዶን ሄዶ የቴአትር ጥበብ ተምሮ በመመለሱ አገሩን ጠቅሟል። እርሱ ግን የሄደው በአምቦና በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተምሮ፣ የእንግሊዝኛን ቋንቋም አውቆ ነው። ዛሬ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት ለቤት ሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋውንም ሕጉንም ሳያውቁ ይሄዳሉ። ልዩነቱ የዕድል ሳይሆን የዝግጅት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ከነአካቴው ይከልከሉ» ይላሉ። ይህ ተሞክሯል። ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ በተመለሱበት በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳውም የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሕጋዊው መንገድ ተዘጋ እንጂ መንገደኛው አልቀረም፤ በደላላ እጅ በየመንና በሱዳን በኩል ይሄድ ነበር።

ሌላው ልማዳችን «እዚያ ስትደርሺ ያገርሽን ሰው ፈልጊ» ማለት ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ያገር ሰው ብዙ የተቸገረ አስጠግቷል፤ ይሁን እንጂ ደላላውም የሚመጣው በዚያው በኛው ቋንቋ እየተናገረ፣ የመንደራችንን ስም እየጠራ ነው። ስለዚህ ያገርን ሰው መውደድ ይገባል፤ ፓስፖርትንና ገንዘብን አሳልፎ መስጠት ግን አይገባም።

እንግዲህ ምን ይመከር? አስቀድሞ የፓስፖርቱና የሥራ ውሉ ቅጂ ከወላጆች ዘንድ ይቅር። የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሳዑዲ ዓረቢያም በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ብዙ አሠሪዎች ግን ይይዛሉ፤ ይህንን ክልከላ የማታውቅ ልጅም መብቷን ልትጠይቅ አትችልም። ሁለተኛ፣ የወላጆችንና የኤምባሲያችንን ስልክ ቍጥር በቃል ማጥናት ያስፈልጋል፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይወሰዳል፣ ባትሪውም ያልቃል። ፖሊስ የሚጠራበትንም ቍጥር ማወቅ ነው፤ በኤምሬትስ 999፣ በሊባኖስ 112 ነው። ሦስተኛ፣ የሚያድሩበትን ቤት አድራሻ ባገሩ ፊደል አጽፎ መያዝ ነው። እኛ ቤት የምናመለክተው «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮው ማዶ» እያልን ነው፤ በትልቅ ከተማ ግን የመንገዱን ስምና የሕንፃውን ቍጥር ያላወቀ ሰው ከደጁ አጠገብ ቆሞ ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት ነው። በሊባኖስና በብዙ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ተበድላ እንኳ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ልትባል ትችላለች። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው በወደቀ ጊዜ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ዓለም አይቷል። ደመወዛቸው ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርታቸውም በእጃቸው ያልነበረ ብዙዎች ነበሩ። ውላቸው ተነቦላቸው፣ ቅጂውም በወላጆቻቸው እጅ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ መከራው ሁሉ ባይቀርም፣ ቢያንስ የሚከራከሩበት ወረቀት በኖራቸው ነበር።

አበው «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብለዋል። የወንዙን ጥልቀት የሚያውቀው ደግሞ ተሻግሮ የተመለሰ ሰው ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን በየከተማችን አሉ፤ እኛ ግን «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለን እንጠይቃቸዋለን እንጂ «ምን ዐውቀሽ መጣሽ?» ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። የኔ አሳብ ይኸው ነው፦ የየወረዳው አስተዳደር በወር አንድ ቀን አዳራሽ ይፍቀድ፤ ተመላሾቹ ተገቢ አበል እየተከፈላቸው ያዩትን ያስተምሩ፤ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን አንዱ ውል እንዴት እንደሚነበብ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያስረዳ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም ምእመናኑን ወደዚያ ይምሩ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሰው ሕይወት ነው።

ልጅ አይሂድ አልልም። ሲሄድ ግን ዐውቆ ይሂድ። አስተዳዳሪዎቻችንም ጉዳዩን አይተው በዚሁ ጋዜጣ መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአምቦ