ጠላ እቤት መጥመቅ ያዋጣል? (ልፋቱ የማን ሆኖ?)

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ድራፍት ቤት ተቀምጠን ነበር። ስድስት ነን፤ ሁለት ሴት፣ አራት ወንድ። ጨዋታው እንደተለመደው ከኳስ ተነስቶ፣ በኑሮ ውድነት አልፎ፣ ትዳር ላይ አረፈ። ከመሃላችን አንዱ ሦስተኛ ድራፍቱን እያጋመሰ "የዘንድሮ ሴቶች እኮ ጠላ መጥመቅ እንኳን አትችሉም! እናቴ ለፋሲካ ሁለት ጋን ጠምቃ ሰፈሩን በሙሉ ታጠጣ ነበር" አለ።

"አንተስ መጥመቅ ትችላለህ?" አልኩት።

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ቀልድ አልነበረም።

እነሱ ወደ ሌላ ወሬ አለፉ፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ምክንያቱም በጠላ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጠጥቼ ማለቴ አይደለም (እሱም አልቀረም)፤ ተሸጦ ማለቴ ነው። እናቴ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ጠላ ጠምቃ ሸጣለች። የቤታችን ምልክት እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸማኔዎቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው እየተጫወቱ ይጠብቁኛል፤ እኔም ቦርሳዬን ጥዬ ጣሳ ማጠብ እጀምራለሁ። ደብተሬ፣ ዩኒፎርሜ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምትልክልኝ የኪስ ገንዘብ፣ ሁሉም ከዚያች ጋን የተቀዳ ነው።

ስለዚህ "ጠላ እቤት መጥመቅ ያዋጣል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለእኔ የድራፍት ቤት ወሬ አይደለም። ተምሬበታለሁና ልመልሰው ይገባል። ጋዜጠኛ ደግሞ ወሬ ከመጻፉ በፊት ማጣራት አለበት ተብለን ተምረናል። እናም ባለፈው ዓመት አጣራሁ፤ ራሴ ጠመቅኩ።

ሒሳቡ

አሁን የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ጋኗ ከእኛ ጋር አልመጣችም፤ እማዬ ሰፈር ስንለቅ ለጎረቤት ሰጥታት መጣች። "ጠላ ልጠምቅ ነው" ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ ጋን እንዳታጥቢ ነበር" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ስለ ጉዳዩ ማውራት አልፈለገችም። በሦስተኛው ቀን ግን ጌሾውን ከየት ልገዛ እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት "እዚያ የከረመ ነው የሚሰጡሽ" ብላ ነጠላዋን አነሳች።

ጋን ስላልነበረን በፕላስቲክ በርሚል ተተካ። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚባለው ይሄኔ ነው። እኔ ደግሞ ማስታወሻ ደብተር ይዤ እያንዳንዱን ሰዓት መዘገብኩ። ይኸው፦

ሾላ ገበያ ሄዶ ገብስ፣ ብቅልና ጌሾ መግዛት፣ 3 ሰዓት። ብቅሉን አብቅዬ ቢሆን ኖሮ ገብሱን መንከር፣ ማጎንቆልና ማድረቅ ሌላ ሳምንት ይፈጅ ነበር። እህል መልቀምና ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቅ፣ 4 ሰዓት። በርሚሉን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን፣ 2 ሰዓት። (ወይራው ሲጨስ ከላይ ያሉት ጎረቤታችን "ቤቱ ተቃጠለ!" ብለው በራችንን ሊሰብሩት ነበር።) መጠንሰስ፣ 1 ሰዓት። ቂጣ መጋገር፣ 3 ሰዓት። እንኩሮ ማንኮር፣ 4 ሰዓት፤ ይሄኛውን ቤት ውስጥ ማሰብ ስለማይቻል ኮሙናል ወርደን ነው የሠራነው። መደፍደፍ፣ ማማሰል፣ ውሃ መሙላትና ማጥለል፣ 4 ሰዓት። ሲደመር 21 ሰዓት።

የተገኘው ጠላ 20 ሊትር። በአንድ ሰዓት ልፋት አንድ ሊትር እንኳን አልሞላም ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጥንስስ እስከ መጀመሪያው ብርጭቆ ደግሞ ሁለት ሳምንት።

እሱም ሁለተኛው ሙከራ ነው። የመጀመሪያው ኮመጠጠ። ምን ደረሰ እያልኩ በየቀኑ እየከፈትኩ አየው ነበር፤ ጠላ አየር ሲያገኝ ደግሞ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። እማዬ ቀምሳ አይደለም ያወቀችው። በሩ ላይ ቆማ አሸተተችና "ድፊው" አለችኝ። መድፋቱም ቀላል አልሆነም። ሽሮ ሜዳ እያለን አተላውን ከብት የሚያረቡ ጎረቤቶቻችን ተሽቀዳድመው ይወስዱት ነበር። ኮንዶሚኒየም ላም የለም። የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ተደፍኖ ለቧንቧ ሠራተኛ የከፈልኩት ብቻ ጥሩ የድራፍት ምሽት ያወጣ ነበር።

ስለዚህ በገንዘብና በሰዓት ከሆነ የምትጠይቁኝ፣ መልሱ አጭር ነው፤ አያዋጣም። ጉልበታችሁን በነፃ ካልቆጠራችሁ በቀር አያዋጣም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመጣው።

በነፃ የተቆጠረው ጉልበት

"የእናቴ ጠላ" እያለ የሚናፍቅ ሰው ሁሉ የእናቱን ጉልበት በነፃ ቆጥሮ ነው የሚናፍቀው። ጓደኛዬ ሁለቱን ጋን ያስታውሳል፤ ጋኑን ማን እንዳጠበው አያስታውስም። እናቱ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ስንት ሰዓት እንደተኛች ቢጠየቅ መልስ የለውም። ጠላው በራሱ የተጠመቀ ይመስለዋል።

ቢራ ሲሆን ግን ሁሉንም ነገር እንቆጥራለን። ገብሱ ዋጋ አለው፣ ጠርሙሱ ዋጋ አለው፣ አከፋፋዩ ትርፍ አለው፣ ባለሙያው ደመወዝ አለው። እማዬ አንድ ጣሳ የምትሸጥበትን ዋጋ ስትተምን ግን የራሷ ድካም ሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ማስታወሻዬን አሳይቻት "እማዬ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሪ ነበር?" ብዬ ስጠይቃት "ማን ቆጥሮት!" አለች። ቆይታ ደግሞ "ብቆጥረው ኖሮ እተወው ነበር" አለች።

ሴት ጓደኛዬ በዚያው ምሽት "ይሄ ጋን የሚባል ነገር የእናቶቻችን እስር ቤት ነው፤ ሙዚየም ይግባና ይረፉ" ብላ ነበር። ወንዶቹን ለመመለስ ያለችው ነው፤ ንዴቷ ገብቶኛል። ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። እናቴን ያሰራት ጋኑ አይደለም። የጋኑ ሥራ እንደ ሥራ አለመቆጠሩ ነው።

"ጠማቂ" ማን ነው?

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። መቶ ዓመት አልፎታል። በቢራ ዜና ላይ "የቢራ ጠማቂ ኩባንያ" ብለን እንጽፋለን፤ ነጭ ጋውን የለበሰውን ባለሙያ "ዋና ጠማቂ" ብለን እንጠራዋለን። እናቴን ግን ማንም "ጠማቂ" ብሏት አያውቅም። "ጠላ ሻጭ" ነው የተባለችው። ሙያዋ ተዘሎ ችርቻሮዋ ስም ሆነ።

በሙያ ደረጃ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ገብስ ሲበቅል ውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል፤ ኢንዛይሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። የፋብሪካውም የእማዬም ሥራ ይኸው ነው። እነሱ ሆፕስ የሚጨምሩበት ቦታ እሷ ጌሾ ትጨምራለች፤ ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም መጠጡን ከሚያበላሹት ተህዋስያን ለመጠበቅ ያግዛሉ። ፋብሪካው ቴርሞሜትርና ላቦራቶሪ አለው። እማዬ ጆሮዋን በርሚሉ ላይ አስጠግታ ድፍድፉ ሲንሾካሾክ ትሰማና "ነገ ውሃ ይሞላል" ትላለች። አማርኛችን ራሱ ከእሷ ዓይነት ሴቶች ተበድሯል። ዜና ላይ "ሴራ ጠነሰሱ" ስንል፣ "ሳይደፈርስ አይጠራም" ስንል፣ ከጋን አጠገብ የተገኘ ቃል ነው የምንጠቀመው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክም አይደለም። በእንግሊዝ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በየቤቱ ጠምቀው የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ሥራው ትልቅ ካፒታልና ትልቅ ገበያ ሲያገኝ ግን ቀስ በቀስ ወደ ወንዶች እጅ ገባ። በ1600 ገደማ የሴቶቹ ድርሻ እጅግ ተመናምኖ ነበር። አሜሪካ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ እቤት መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ ፈቀደ፤ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት ሳይሸጥ በዓመት እስከ 200 ጋሎን (757 ሊትር ገደማ) መጥመቅ ይችላል። ዛሬ እዚያ እቤት መጥመቅ የተከበረ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። መጽሐፍ ይጻፍለታል፣ ውድድር ይዘጋጅለታል፣ ወንዶች ጋራዣቸው ውስጥ በኩራት ይሠሩታል። ያው ገብስ፣ ያው እርሾ፣ ያው መጠበቅ። እዚያ ሲሆን ጥበብ፣ ሽሮ ሜዳ ሲሆን ግን "ምን ታድርግ፣ ችግር ነው" ይባላል።

ፍርሃቴን ልንገራችሁ? አንድ ቀን አንድ ባለሀብት ጠላን በሚያምር ጠርሙስ አሽጎ፣ የጋን ሥዕል ለጥፎበት፣ "ባህላችን" ብሎ ውድ ሬስቶራንት ውስጥ ይሸጥልናል። እኛም በኩራት ፎቶ እንነሳበታለን። ያኔ ሙያውን ያቆዩት ሴቶች የትኛው ወረቀት ላይ ይጻፋሉ?

እንግዲህ፣ ያዋጣል?

እንደ ጠያቂው ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ያሰባችሁ፣ ተዉት። ሒሳቡን አሳይቻችኋለሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክ ግን አልሰጣችሁም።

"ቤት የተጠመቀ ነው፣ አያሰክርም" የምትሉም ተዉት። የቤት ጠላ አልኮሉ አይለካም እንጂ አልኮል አለው። እንዲያውም ስለማይለካ ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው።

ሚስታችሁ፣ እህታችሁ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ እንድትጠምቅላችሁ የምትመኙ ደግሞ እባካችሁ ድራፍታችሁን ጠጡ። ወይም ግራዋ ይዛችሁ ኑና ጋኑን እጠቡ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ነገር ግን ራሳችሁ እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ፣ ከጓደኛ ከዘመድ ጋር ሥራውን ተካፍላችሁ፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለበዓል ከሆነ፣ አዎ፣ ያዋጣል። በሊትር አይደለም የሚያዋጣው። እኔ ከ21 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ከእናቴ ጋር ነው ያሳለፍኩት። ኮሙናል ውስጥ እንኩሮውን እያማሰልን፣ አያቴ እንዴት እንዳስተማረቻት፣ የመጀመሪያ ጠላዋን ማን እንደገዛት፣ አባቴ ሲሞት የቤት ኪራዩን እንዴት እንደከፈለች ነገረችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬያት ስኖር አልጠየቅኳትም ነበር። ለካ ቃለ መጠይቅ ማድረግ የተማርኩት ለሌላ ሰው ብቻ ኖሯል።

ጠላውን ደግሞ ከጠላ ቤት የምትገዙ ከሆነ ዋጋ አትከራከሩ። አንዷ ጣሳ ውስጥ ሁለት ሳምንት አለ።

አንድ ነገር ተናዝዤ ልጨርስ። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ትምህርት ቤት ፎርም ሞልተን ነበር፤ "የወላጅ ሥራ" የሚል ባዶ ቦታ አለው። ከኋላዬ የተቀመጡት ልጆች "የጠላ ሻጯ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። እንዳያዩብኝ በክንዴ ከልዬ "የቤት እመቤት" ብዬ ጻፍኩ። እማዬ ፎርሙን ስትፈርም አነበበችው። ምንም አላለችም። ፈረመችና መለሰችልኝ።

ሁለተኛው ጠላዬ የደረሰ ቀን መጀመሪያ የቀዳሁት ለእሷ ነው። ቀመሰች። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰችና "ጌሾው ትንሽ በዝቷል" አለች፤ ከዚያ ብርጭቆውን ዘርግታ "ጨምሪልኝ" አለችኝ።

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ሌላ ፎርም ሞላሁ። ያው ጥያቄ መጣ፦ የእናት ሥራ። በዚህ ጊዜ በክንዴ አልከለልኩትም። "ጠላ ጠማቂ (ጡረታ የወጣች)" ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙን የተቀበለችኝ ልጅ አንብባ ቀና አለችና "ጡረታ አለው እንዴ?" አለችኝ።

የለውም። ነገሩ እሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።