ወረንጦና ኮምፒውተር

በዲፓርትመንታችን የግድግዳ ጋዜጣም ሆነ በሬዲዮ ልምምዶቻችን ላይ በየሴሚስተሩ የማይጠፋ አንድ የጤና ርዕስ አለ፤ የዓይን ድካም። «ኮምፒውተርና ዓይናችን»፣ «ዓይንዎን ከስክሪን ይጠብቁ»… ስሙ ይለያይ እንጂ ውስጡ አንድ ነው። ርዕሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ፈተና ሲደርስ ዶርም ውስጥ ግንባሩን ይዞ የማያድር ማን አለ? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዓይኑን የሚቆረቁረው፣ ቅንድቡ ሥር የሚወጥረው ኮምፒውተር ያለው ሰው ብቻ ነው እንዴ?

መጀመሪያ የኛን ልጨርስ፣ አጭር ነው። ቅርብ ያለ ነገር ስናነብ ዓይናችን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ሌንሱን ለማስተካከል እንደተኮማተረች ትቆያለች። ክንድን አጥፎ ለሰዓታት እንደመያዝ ማለት ነው። በዚያ ላይ ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ እንረሳለን። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገብ የነበረ ዓይን ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ይደርቃል፣ ያቃጥላል። መላው ርካሽ ነው። በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለን ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት፣ ሆን ብሎ መርገብገብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ለብ ያለ ውሃ ዓይን ላይ ማሳረፍ። በዚህ ካልለቀቀ፣ ወይም ከኋላ ወንበር ሰሌዳው ከደበዘዘ፣ ነገሩ የመነጽር ሊሆን ስለሚችል መታየት ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ጠብታ ግን ይቅርብን። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ማሳከኩን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሲደጋገም ደግሞ የዓይን ግፊትን ጨምሮ ለግላኮማ ሊዳርግ ይችላል።

የኛ ይኸው ነው። አሁን ወደ ቆቦ እንሂድ።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። በበጋ ከወልዲያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የተጓዘ ሰው አቧራውን ያውቀዋል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ የራያ ሜዳ ባዶውን ይቀራል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ አፈሩን ይዞት ይነሳል። ሙቀቱ አለ፣ የማገዶው ጭስ አለ፣ ዝንቡ አለ። እዚያ አንድ ሰው «ዓይኔን ቆረቆረኝ» ቢል ማንም አይደነግጥም። አቧራ ነዋ! ካልሆነም ምች ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ በእርግጥም አቧራ ነው፣ ታጥቦ ይለቃል። ጉዳዩ የማይለቀው ነው።

አክስቴ በመቀነታቸው ቋጥረው የሚይዟት ወረንጦ አለች። በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ጎረቤታቸውን ይጠሩና ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ጎረቤታቸው የዓይናቸውን ሽፋን ገልበጥ ታደርግና ወደ ውስጥ የዞረውን ፀጉር አንድ ባንድ ትነቅልላቸዋለች። «እፎይ፣ አሁን ገና ብርሃን አየሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ወረንጦ ያሳርፋል። ክፋቱም እዚሁ ላይ ነው። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ አጭርና ደረቅ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ብሶበት ይወጋል። የሦስት ሳምንቷ እፎይታ ጤና ጣቢያውን ታስረሳለች።

የዚህ ሕመም መነሻ ትራኮማ ነው፣ ባገራችን አጠራር የዓይን ማዝ። በባክቴሪያ ይመጣል። በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብም ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ልጅ ሆኖ ደጋግሞ የተያዘ ሰው ግን የዓይኑ ሽፋን ከውስጥ እየጠባሰ፣ እያጠረ፣ ካደገ በኋላ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መርገብገብ ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ ነጭ ጠባሳ ሲያወጣ ብርሃኑ ይሄዳል፣ አይመለስም። ሕፃናትን የሚያቅፉት፣ ፊታቸውን የሚጠርጉት ሴቶች ስለሆኑ በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል 62.6 ከመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዘመቻ ዚትሮማክስ ሲታደል ቆይቷል፤ የፊት መታጠብና የመጸዳጃ ቤት ትምህርቱም ቀጥሏል። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋና በ2018 ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት አውጥተዋል። እኛ 2020 የተባለው ግብ አልፎን ወደ 2030 ተሻግረናል። በመሐሉም ጦርነቱ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ወሎ ገብቶ በሰሜን ወሎ የነበሩ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተሰባበሩ። መድኃኒት እንኳ ቢመጣ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ያጣ ጤና ጣቢያ ስለ ዓይን ፀጉር መቼ ያስባል?

ለተቀለበሰ ፀጉር መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ሽፋኑን በመርፌ አደንዝዞ ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ለአንድ ሽፋን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ብዙውን ጊዜም በነጻ ነው። የጠፋ ብርሃን አይመልስም፣ ያለውን ግን ያተርፋል። አንዳንዱ ላይ ፀጉሩ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል እንደገና መታየት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነግሬያቸዋለሁ።

«ዓይኔን በምላጭ? ቢስቱስ ማን ይመራኛል ልጄ? ደግሞ አሁን አጨዳ ነው።»

«ሽፋኑን ነው እንጂ ዓይንዎን አይነኩትም» ብላቸው፣

«አንተ ሲሠሩ አይተሃል?» አሉኝ።

አላየሁም። ክርክሩ እዚያው አለቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመለሰው በፖስተር አይመስለኝም። ተሠርታ የዳነች፣ መርፌው ምን ያህል እንዳመማት፣ ፋሻው መቼ እንደተፈታላት፣ በስንተኛው ቀን እንጀራ እንደጋገረች በራሷ አፍ የምትናገር የቆቦ ሴት ናት የምትመልሰው። እሷን ፈልጎ ማይክ መስጠት ደግሞ የሐኪም ሥራ አይደለም፣ የኛ ነው።

ይህን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነሳ «የኛ አንባቢ ተማሪ ነው፣ ወረንጦ ምን አገባው?» ያለኝ አለ። ታዲያ ተማሪው ለእረፍት የሚሄደው የት ነው? ገጠር እናት ያለን ስንት ነን? ስለ ስክሪን ከውጭ የተተረጎመ ጽሑፍ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪም አይጠፋም። ዓይኗን እያሸች «አቧራ ነው» የምትል እናት ግን የልጇን አፍ ነው የምታምነው፤ ልጇ ደግሞ ስለዚህ ነገር በኛ ገጽ ላይ አንድ መስመር አላነበበም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የጤና ገጽ አዘጋጆች የማቀርበው ይህንን ነው። በእረፍቱ ሁላችንም ወደየቤታችን ስንሄድ የአካባቢያችንን ጤና ጣቢያ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የዓይን ፀጉር የሚሠራ የሠለጠነ ሰው አለ ወይ? ከሌለ የዘመቻው ቡድን መቼ ይመጣል? ባለፈው የተሠራችና ልታናግረን ፈቃደኛ የሆነች ሴት ማን ናት? እኔ የቆቦውን እይዛለሁ። ቴፑን ይዤ መጀመሪያ የምሄደው ወደ አክስቴ ቤት ነው፣ ያቺን ሴት ቁጭ ብለው ይስሟት።