አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፦ አሮጌዎቹ የጦር አውሮፕላኖች ይረፉ

ኖቬምበር 12 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.)፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ። ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ የአየር ትርኢት ሊያይ ወጥቷል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ቢ-17 እየበረረ ሳለ ፒ-63 የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን መጥቶ ገጨው። ስድስት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም አውሮፕላኖች በሰከንዶች ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ሆኑ። ቪዲዮውን ብዙዎቻችን በስልካችን አይተነዋል።

የአብራሪዎቹ ወዳጆች መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አውሮፕላን የተሠራው ሊበር ነው፤ ቆሞ ከታየ ሬሳ ነው።» ሲሰሙት ያምራል። እስቲ እንመርምረው።

አንደኛ፣ የሰው ነፍስ። በ2019 በኮነቲከት ሌላ ቢ-17 አሥራ ሦስት ሰዎች ይዞ ተነሣ፤ ሰባቱ ሞቱ። ከሟቾቹ አምስቱ መንገደኞች ነበሩ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከምክንያቶቹ መካከል የሞተር ጥገና ጉድለትን ጠቅሷል። በ1944 በዚህ አውሮፕላን የበረረ ወታደር ሞት እንዳለ አውቆ ነው የገባው። ጦርነቱ ካበቃ ከ74 ዓመት በኋላ ለትዝታ የተሳፈረ ጎብኚ ለምን ይሙት?

ሁለተኛ፣ ምትክ የለም። ቢ-17 ከ12,700 በላይ ተሠርቶ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ከሃምሳ ያነሰ ነው። ከሰባት ሺህ በላይ ከተሠሩት የእንግሊዝ ላንካስተሮች የሚበሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እንግሊዝ፣ አንዱ ካናዳ። አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላው ብረት ይደክማል። እንዲበር ከተፈለገ ቆርቆሮው፣ ሽቦው፣ ብሎኑ፣ ክንፉን የሚሸከመው ብረት ሳይቀር ይለወጣል። ዛሬ ከሚበሩት ስፒትፋየሮች መካከል ከጦርነቱ ዘመን የቀረላቸው ብረት ጥቂት የሆነ አሉ። ሙዚየም የቆመው ግን ጥይት የበሳው ቦታ ላይ የተለጠፈውን ጠጋኝ ሳይቀር ይዟል። ታዲያ እውነተኛው ታሪክ የቱ ነው?

በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ የሞተሩን ድምፅ መስታወት ውስጥ የቆመ አውሮፕላን አይሰጥም፤ የመካኒኮቹም እውቀት ሥራ ካልተሠራበት ይሞታል። ግን ለዚህ ሰማይ መውጣት ግድ አይደለም። በእንግሊዝ ኢስት ከርክቢ አንድ ላንካስተር አራቱንም ሞተሮቹን አስነሥቶ ሜዳው ላይ ይሄዳል፤ ሰው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፤ መካኒኮቹም ሥራ አይፈቱም። ባለቤቶቹ አንድ ቀን ሊያበሩት ያልማሉ። ባያደርጉት እመርጣለሁ። በብዛት የተረፉት እንደ ቲ-6 ያሉ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ይብረሩ፤ መንገደኛ ሳይጭኑ፣ ከሕዝብ ራስ ላይ ርቀው።

«ቆሞ ከታየ ሬሳ ነው» ለሚሉን ደግሞ የራሳችንን ምስክር እንጥራ። በ1935 አገራችን ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» የጦር አውሮፕላን አልነበረችም፤ የጦር ምርኮ ግን ሆናለች። ፋሺስቶች ዘርፈው ጣሊያን ወሰዷት፤ ሙዚየም ውስጥ ቆመች። ዝርፊያው ዝርፊያ ነው፤ ምስጋና የለንም። ነገር ግን በ2024 ስትመለስልን የተረከብናት በየትርኢቱ ስላልበረረች ነው። ሌላ «ፀሐይ» የለችንም። ነገ አንዱ ተነሥቶ «ሞተር ገጥመን እናብራት» ቢል፣ ማን እሺ ይላል?

ለእኛ «ፀሐይ» የማንፈቅደውን ለሌላው ሕዝብ ቅርስ አናጨብጭብ።