ሬቤሉሽንን ልታዩ ከሆነ በጊዜ ግቡ

የካሊፎርኒያ ልጆች ሬጌን ከሮክ ጋር ሲደባልቁ ሁለት ዓይነት ሰው ይናደዳል። የሮኩ ሰው «ይሄማ እንቅልፍ ያመጣል» ይላል። የሬጌው ሰው ደግሞ «ይሄማ ሌብነት ነው» ይላል። እኛ ሁለቱንም በትዕግሥት እንሰማና ቲኬታችንን እንቆርጣለን። ሰመር በመጣ ቁጥር «ሬቤሉሽን እየመጡ ነው፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚል ወዳጅ ስለማይጠፋ፣ መልሳችንን አንድ ቦታ እናስቀምጠው ብለናል።

እነማን ናቸው ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳንታ ባርባራ አጠገብ አይላ ቪስታ በምትባል የተማሪዎች ሰፈር የተመሠረተ ባንድ ነው። ኤሪክ ራክማኒ እየዘፈነ ጊታር ይመታል፣ ሮሪ ኬሪ ኪቦርድ፣ ዌስሊ ፊንሊ ድራም። ባሱን የሚጫወተው (ወላጆቹ ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ) ማርሊ ዊሊያምስ ይባላል። የመጀመሪያ አልበማቸው «ከሬጅ ቱ ግሮው» በ2007 ወጣ፤ የ2016ቱ «ፎሊንግ ኢንቱ ፕሌስ» ለግራሚ ታጨ። የትልልቆቹን ኩባንያዎች ደጅ ሳይጠኑ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ነው ሰው ያፈሩት። ስለዚህ መድረክ ላይ መጫወት ያውቁበታል።

ምን ትጠብቁ? መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ባሱ ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በደረት ነው የሚሰማው። ቀጥሎ ግራ የሚያጋባችሁ ነገር አለ። በችክችካ ያደገ ጆሮ የመጀመሪያው ምት ላይ ከበሮው እንዲመታለት ይጠብቃል። የሬጌው «ዋን ድሮፕ» ግን የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶት ያልፍና ክብደቱን ሦስተኛው ላይ ይጥለዋል፤ ጊታሩም በምቶቹ መካከል እየገባ ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። ትከሻችሁ «አሁን ነው» ሲል አሁን አይደለም። ጉልበታችሁን ለቀቅ አድርጉት፣ ከሦስት ዘፈን በኋላ እሱ ራሱ ያገኘዋል።

ሲዲያቸውን ብቻ የምታውቁ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚገርማችሁ ዘፈኖቹ መርዘማቸው ነው። በሲዲው አራት ደቂቃ የነበረው መድረክ ላይ ይለጠጣል፤ ድምፁ ይጠፋና ባስና ድራም ብቻ ይቀራሉ፣ ከዚያ አንዲት የጊታር ምት በማሚቶ እየተደጋገመች ትርቃለች። ይህ ደብ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነ ኪንግ ተቢ ኪንግስተን ውስጥ በሚክሰር የፈጠሩት ጥበብ። በ2012 የወጣው «ፒስ ኦፍ ማይንድ» ሦስት ዲስክ ነበረው፦ አንዱ መደበኛው፣ አንዱ አኩስቲክ፣ አንዱ ደብ። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስተኛውን ስሙት፣ ምን እንደሚጠብቃችሁ ይገባችኋል። ለዓመታት አብሯቸው የተጓዘው የኒው ኦርሊንሱ ክሪስ ሮያል ሳክስፎኑን ሲያነሳ ደግሞ ነገሩ ወደ ጃዝ ዘንበል ይላል። ሐቁን ለመናገር መሐል ላይ ሁሉም ዘፈን አንድ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ውኃ መግዣው ሰዓት ያ ነው።

ስለ ጭሱ ሳናነሳ አናልፍም። ሽታው ከበር ጀምሮ ይቀበላችኋል። ካሊፎርኒያ በ2016፣ ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቅደዋል፣ እውነት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን ሌላ ነው፤ የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ ማሪዋና ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ወረቀት የምትጠብቁ ልጆች፣ አጠገባችሁ የቆመው ልጅ የሚያቀብላችሁ ነገር ለእሱ ቀልድ ነው፤ ለእናንተ አይደለም። ለጆሯችሁም መድፈኛ ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ያስቀመጠው አማካይ ጣራ 100 ዴሲቤል ነው፣ እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ባንዲራው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በኮፍያ፣ በካልሲ፣ በፎጣ ሳይቀር ታዩታላችሁ። ብዙው ሰው የጃማይካ ይመስለዋል። የጃማይካ ባንዲራ ግን ቀይ የለውም። ቀለሙ የኛ ነው፤ በ1930 ራስ ተፈሪ ዘውድ ሲጭኑ በስማቸው የተጠራው እምነት ይዞት ሄደ፣ ጃንሆይም ሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲወርዱ በዚያው ቀለም ነው የተቀበሏቸው። እንግዲህ አንዱ የባሕር ዳርቻ ልጅ አንበሳ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ብታገኙት አትቆጡት፤ ከየት እንደመጣ ንገሩት። አብዛኞቹ መስማት ይወዳሉ።

የ«ሌብነቱ» ክስ ግን በዚህ አይዘጋም። በ2022 የሬጌ ግራሚውን የወሰዱት የአርሊንግተን ቨርጂንያዎቹ ሶጃ ናቸው፤ ስፓይስ፣ ሾን ፖል፣ ጄሲ ሮያል፣ ኢታና እዚያው ዝርዝር ውስጥ እያሉ። ጃማይካውያን ቢከፋቸው አንፈርድባቸውም። ሬቤሉሽንን የምናከብረው ግን በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ታላላቆቹን መድረክ ላይ ይዘው ይዞራሉ። በ2018 ስቲቨን ማርሊ፣ በ2019 ፕሮቶዤ፣ በ2022 ስቲል ፐልስ አብረዋቸው ተጉዘዋል። ስቲል ፐልስ ማለት በ1975 በርሚንግሃም ሃንድስወርዝ ተመሥርተው፣ «ባቢሎን ዘ ባንዲት» በተባለው አልበም ግራሚ የወሰዱ ሰዎች ናቸው፤ ያኔ እነ ራክማኒ ገና ሕፃናት ነበሩ።

ታዲያ ሕዝቡ ምን ያደርጋል? ፓርኪንግ ውስጥ ቢራውን ይጨርሳል። ታላላቆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለግማሽ ባዶ ወንበር ይጫወታሉ፣ መብራቱና ጭፈራው ሲደምቅ ተራው የልጆቹ ይሆናል። ይህን ባንዱ ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያለበት ተመልካቹ ነው። ቲኬቱ ላይ በር የሚከፈትበት ሰዓት ተጽፏል፤ በዚያ ሰዓት ግቡ። «ሀበሻ ቀጠሮ» የሚባለውን ለሠርግ አቆዩት።