ወዳጅነት በዝማሬ ብቻ አይገለጥም

የትንሣኤ በዓል የድኅነት በዓል እንደመሆኑ ሁሉ የወዳጅነትም በዓል ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ በተያዘባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱን ከእንግዲህ ባሮች ሳይሆን ወዳጆች ብሎ እንደሚጠራቸው መናገሩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ተጽፎ ይገኛል። ይህንኑ መለኮታዊ ወዳጅነት ከሚያወሱ የወንጌል መዝሙሮች መካከል የአየርላንዳዊው ጆሴፍ ስክሪቭን ድርሰት በብዙ ቋንቋዎች ሲዘመር ኖሯል። የደራሲው ሕይወት ከመዝሙሩ ባልተናነሰ የሚያስተምር በመሆኑ በዛሬው ዕለት ልናነሣው ወደድን።

ስክሪቭን እ.ኤ.አ. በ1819 በባንብሪጅ ተወልዶ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሯል። እጮኛው በሠርጋቸው ዋዜማ ውሃ ውስጥ ሰጥማ እንደሞተች ይነገራል። ከዚህ በኋላ ወደ ካናዳ ተሻገረ፤ በዚያም ያጫት ሌላ ልጃገረድ ጋብቻቸው ሳይፈጸም በሕመም አረፈች። ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1855 የጻፈው በአገር ቤት የቀሩትን እናቱን ለማጽናናት እንጂ ዝናን ሽቶ አልነበረም። የታተመውም ያለ ስሙ ነው። ቻርልስ ኮንቨርስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1868 ዜማ ሠራለት። አይራ ሳንኪ እ.ኤ.አ. በ1875 በወጣው የመዝሙር ስብስብ ውስጥ ካካተተው ወዲህ ደግሞ ዝናው በዓለም ተሰማ። ሆኖም ድርሰቱ ለተወሰነ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ስክሪቭን ግን ሌላ ሥራ ነበረው። በኦንታሪዮ፣ በፖርት ሆፕ አካባቢ መጋዝ ተሸክሞ እየዞረ፣ ለሠራተኛ የሚከፍሉት ለሌላቸው መበለቶችና ሕሙማን ማገዶ ይቆርጥላቸው እንደነበር ይነገርለታል። በቃል የዘመረውን ወዳጅነት በእጁም ፈጽሞታል ማለት ነው።

ፍጻሜው ግን ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1886 ታሞና መንፈሱ ተጨንቆ በአንድ ወዳጁ ቤት ሲታመም ሳለ፣ ሌሊት ማንም ሳያየው ወጥቶ በማለዳ በአቅራቢያው ከሚገኝ ውሃ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ወድቆ ይሁን በሌላ ምክንያት በእርግጥ የሚናገር የለም። ሌሎችን ያጽናና ሰው ራሱም አጽናኝ የሚሻበት ሌሊት እንደሚመጣበት ግን ታሪኩ ያስገነዝበናል።

ስለዚህም የመለኮት ወዳጅነት የሰውን ወዳጅነት የሚተካ ሳይሆን የሚያዝዝ ነው እንላለን። በዓሉ ለአንዳንዶች የደስታ ቀን ሲሆን፣ ሐዘን ለተቀመጠው፣ አልጋ ላይ ለዋለውና ጠያቂ ላጣው አረጋዊ ግን ብቸኝነቱ የሚከብድበት ቀን ነው። ከድፎው ቆርሰን፣ ከወጡ ጨልፈን ወደ ጎረቤት ደጅ እንሂድ። በተለይም ዘወትር ሌላውን ሲያበረታ የምናየውን፣ ችግሩን ግን ለማንም የማይነግረውን ሰው እንዴት ሰነበትህ ብለን ቀረብ ብለን እንጠይቀው። መዝሙሩ ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!